ትልቋን የእሳት እራት የሚሠራት የጉሎ ቅጠል ነው

የእሳት እራት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አምፖል ዙሪያ የምትንቀዠቀዥ፣ ስትነካ ዱቄት የምታራግፍ ትንሽ ነገር ነው። መዳፍ የምትሞላም አለች። እኔ ቤት የማረባት ኤሪ የምትባለዋ የሐር እራት ክንፏን ስትዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ10 ሴንቲ ሜትር ታልፋለች። የጥንት አገሯ የሕንዱ አሳም ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሲሠራባት ቆይቷል። ምግቧ ጉሎ ስለሆነ አገራችን ይስማማታል።

በዚህ ዙር ሐሳቤን የያዘው አንድ ጥያቄ ነው። ይህን የሚያህል አካል ከየት ይመጣል? ክንፍ ካወጣች በኋላ እኮ እህል አትቀምስም። አፏ ለመብላት የሚሆን አይደለም። የምትኖረው ትል ሳለች ባከማቸችው ስብ ነው፤ ያውም ለአንድ ሳምንት ገደማ። ስለዚህ ትልቅ እራት ማየት የፈለገ ሰው ድካሙ ሁሉ ትሉ ላይ ነው።

እንቁላሉ በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ገና የወጣው ትል ጠንካራ ቅጠል አይችልም፤ ለጋውን እየመረጥኩ እሰጠዋለሁ። ሲያድግ የበሰለውን ይበላል። አራት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል። ሊቀይር ሲል መብላቱን ትቶ፣ ራሱን ቀና አድርጎ ዝም ይላል። ያኔ ባይነካ ነው የሚሻለው። እርጥብ ቅጠል በሽታ ስለሚያመጣ፣ ዝናብ የመታውን ሳላደርቅ አላቀርብም። ጉንዳን ደግሞ ዋናው ጠላት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የጠረጴዛውን እግሮች ውኃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ማቆም።

አራተኛውን ቆዳ ከቀየረ በኋላ ያለው የመጨረሻው የትልነት ዕድሜ ግን ጉድ ነው! ትሉ በሕይወቱ ከሚበላው አብዛኛውን የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ማታ ፀጥ ሲል ቅጠሉን ሲቆረጥም ይሰማል። በዚህ ሳምንት የተራበ ትል ትንሽ እራት ይሆናል፤ በኋላ የሚካካስበት መንገድ የለም። (ልጆች ያሉበት ቤት የጉሎ ፍሬ እንዳይገባ አደራ፤ መርዝ ነው።)

ጠግቦ ሲጨርስ ሐሩን ዙሪያውን ይሠራና ኮኩን የሚባለው የሐር ቤቱ ውስጥ ይገባል። የኤሪ ኮኩን በአንድ ጫፉ ክፍት ነው። እራቷ ሳትሞት በዚያ በኩል ትወጣለች፤ ባዶው ኮኩን እንደ ጥጥ በእንዝርት ይፈተላል። ይሄ ነገሯ በጣም ደስ ይለኛል። የመልበሪ (የእንጆሪ ዛፍ) ቅጠል የሚበላው የሐር ትል ክሩ ሳይቆረጥ እንዲተረተር ሲባል በአብዛኛው ኮኩኑ ውስጥ እንዳለ ነው የሚገደለው።

ስትወጣ ክንፏ እርጥብና የተጨማደደ ነው። ወደ ላይ ትወጣና ትንጠለጠላለች፤ ከዚያ ከአካሏ ፈሳሽ ወደ ክንፏ ሥሮች እየገፋች ቀስ በቀስ ትዘረጋዋለች። የምትንጠለጠልበት ቦታ ካላገኘች ክንፉ እንደተኮማተረ ይደርቃል። ስለዚህ ጊዜው ሲቃረብ መረብ እሰቅላለሁ። ሲደርቅ ቡናማው ላይ ነጩ መስመር፣ መሐሉ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ምልክት ይታያል። ወንዱን በሰፊው አንቴናው ትለዩታላችሁ፤ ሴቷ ማታ የምትለቀውን ሽታ የሚይዘው በዚያ ነው።

አትላስ የምትባለው የእስያ እራት የዚችው ዘመድ ናት። ክንፏ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ጫፉ ላይ የእባብ ራስ የሚመስል ሥዕል አለው። የአውስትራሊያና የኒው ጊኒዋ ሄርኩለስ ደግሞ እስከ 27 ትደርሳለች። ሁለቱም ክንፍ ካወጡ በኋላ አይበሉም። ያ ሁሉ ስፋት በትልነት የተበላ ቅጠል ነው።

ለቀጣዩ ዙር ትሎቹን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን በጉሎ፣ ግማሹን በካሳቫ ቅጠል ላሳድግ አስቤያለሁ። ኮኩኑን እመዝናለሁ፣ ክንፉንም እለካለሁ። ካሳቫ በሚበቅልበት አካባቢ ሆናችሁ ኤሪ የምታረቡ ካላችሁ፣ የለካችሁትን አካፍሉኝ፤ አስተያይተን እናየዋለን።