በአንድ ቅጽ የተጨናነቁ ሁለት ርክክቦች

በደቡብ ወሎ አንድ ደጋማ ቀበሌ ምንጭ አጎልብቶ ውኃውን በስበት ወደ ቦኖዎች በሚያወርድ አነስተኛ ፕሮጀክት ውስጥ የግዥና ፋይናንስ ባለሙያ ነበርኩ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 የሚዘጋ በመሆኑ፣ ሰኔ ሲጋመስ መሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ከማወራረድና ርክክብ ከመፈጸም በቀር ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ለጊዜያዊ ርክክብ ስንሄድ ውኃው ከቦኖው ይወርድ ነበር። ይዘነው የሄድነው ቅጽ ግንባታውን ከሥራ ተቋራጩ መረከብንና ለኅብረተሰቡ ማስረከብን አንድ ላይ የያዘ ነበር። ኅብረተሰቡን ወክለው እንዲፈርሙ የተጠሩት የቅሬው፣ ማለትም የአካባቢው እድር፣ ሰብሳቢ ግን ቅጹን አስነብበው ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ፊርማው ይደርሳል፤ ቧንቧው ቢፈነዳ የሚጠግነው ማን ነው? መለዋወጫውስ በማን ገንዘብ ይገዛል?» ሲሉ ጠየቁ። አስተባባሪው የውኃ ኮሚቴ መቋቋሙን ነገሯቸው፤ ይሁን እንጂ ኮሚቴው ከስም ዝርዝር በቀር ሥልጠናም፣ የተተመነ የውኃ ክፍያም አልነበረውም። ሽማግሌው፣ «ቅሬያችን እንኳ ድንኳንና ድስቱን ለአዲስ ሰብሳቢ የሚያስረክበው ቆጥሮ ነው» አሉ።

የፕሮጀክት አመራር ሂደቶች ማስጀመር፣ ማቀድ፣ ማስፈጸም፣ መከታተልና መቆጣጠር፣ መዝጋት ተብለው በአምስት ይመደባሉ። ብዙዎቻችን አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚጀምር ይመስለናል፤ ነገር ግን ክትትል ከመነሻው እስከ መጨረሻው አብሮ የሚሄድ ሲሆን፣ አዘጋጉም የሚወሰነው ገና በዕቅዱ ነው። የእኛ ሰነድ ስለ ግንባታው በሰፊው አትቶ ስለ መዝጊያው የያዘው «ለተጠቃሚው ይተላለፋል» የሚል አንድ ሐረግ ብቻ ስለነበር፣ ለሥልጠናም ሆነ ለመለዋወጫ ወጪ አልተያዘም፤ ያልተያዘ ወጪ ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ከየትም አይመጣም። በእኔ አስተያየት የባሰው ጉድለት የክትትል ሪፖርታችን ነበር፤ የተዘረጋ ቧንቧና የገባ ሲሚንቶ እንጂ የኮሚቴውን ዝግጁነት የሚለካ አንድም መስፈርት አልነበረውም።

በመጨረሻ ሁለቱ ርክክቦች ተለያዩ። ግንባታው ስለተጠናቀቀ ከሥራ ተቋራጩ ጋር ጊዜያዊ ርክክቡ ተፈጸመ፤ ጉድለት ቢገኝ ተቋራጩ እንዲጠግን የመያዣ ገንዘቡ እስከ መጨረሻው ርክክብ ድረስ አልተለቀቀም። ለኅብረተሰቡ የሚደረገው ርክክብ ግን ወደ አዲሱ በጀት ዓመት ተሻግሮ፣ ሥልጠናው ከተሰጠና የውኃ ክፍያው በቅሬው ስብሰባ ከተወሰነ በኋላ ተከናወነ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች መዘግየቱን አልወደዱትም፤ ቀጥሎ በተዘጋጀው የምንጭ ማጎልበት ዕቅድ ውስጥ ግን የኮሚቴው ምሥረታ ከቦይ ቁፋሮው ቀደመ፣ የርክክቡም ወጪ ራሱን ችሎ ተያዘ።