ጋሼ ክኒኑን አላቋረጠም

ስለ ታላቅ ወንድሜ የተተከለ ሳንባ መዳከም ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር ይባላል። «መድኃኒቱን ትቶ መሆን አለበት።» የዘጌዋ አክስቴ ይላሉ። ሽምብጥ ያሉ ጎረቤቶቻችንም ይላሉ። በቀደም ደግሞ ደውለው ራሱን ጠየቁት። በጣም ከፍቶት ነበር። «እታለሜ፣ እስኪ አንቺ ንገሪያቸው» አለኝ።

ጋሼ የሚኖረው ቶሮንቶ ነው። ሳንባው በጠባሳ እየደረቀ መጥቶ ንቅለ ተከላ የተደረገለትም እዚያው ነው። ሰውነቱ የተተከለውን ሳንባ እንዳይዋጋ የሚሰጠውን ክኒን በየ12 ሰዓቱ፣ ስልኩ እየጮኸለት ይውጣል። አንድም ቀን ሲዘናጋ አላየሁትም። እኔ ባሕር ዳር ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከደም ጋር ነው ውሎዬ። እናም ልንገራችሁ።

ጋሼ በየጠዋቱ ትንሽ መሣሪያ አፉ ላይ ደግኖ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፋል። መሣሪያው በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ ስንት ሊትር አየር እንዳወጣ ያሳየዋል። ደህና በነበረበት ጊዜ 3 ሊትር ነበር። ከዚያ 2.8 ሆነ። ከዚያ 2.6። ሳል የለ፣ ትኩሳት የለ። 2.4 ሲደርስ ሐኪሞቹ የበሽታውን ስም ማንሳት ጀመሩ። ከምርጡ ውጤት 20 በመቶ ወርዷል ማለት ነው። ሌላ ምክንያት ሳይገኝለት 3 ወር እንደወረደ ከቆየ ሥር የሰደደ የተተከለ ሳንባ መዳከም ይባላል፤ በምህጻር ክላድ። ሳንባ ከተተከለላቸው ሰዎች ግማሽ የሚሆኑት በ5 ዓመት ውስጥ ይደርስባቸዋል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ክኒኑን ጥሎ ነው?

ነገሩ የሚጀምረው ኤች ኤል ኤ ከሚባሉ ፕሮቲኖች ነው። ሕዋሶቻችን ላይ ተለጥፈው የሚገኙ መለያዎች ናቸው፤ ከሰው ሰው ይለያያሉ። ቲ ሴሎች የሚባሉት የጋሼ ተከላካይ ነጭ የደም ሕዋሶች የለጋሹን መለያ ሲያዩ ባዕድ መሆኑን ያውቃሉ። መጀመሪያ ላይ ከሳንባው ጋር አብረው የመጡትን የለጋሹን ሕዋሶች በቀጥታ ያያሉ። እነዚያ ሕዋሶች ቀስ በቀስ ያልቃሉ። ነገሩ ግን አያልቅም። የጋሼ የራሱ ሕዋሶች ከአዲሱ ሳንባ የሚወድቀውን ፕሮቲን ይለቅማሉ፣ ይቆራርጣሉ፣ ለቲ ሴሎች ያሳያሉ። ሳንባው እስካለ ድረስ ማሳየቱ ይቀጥላል። ለዓመታት የሚዘልቀውን ጥቃት በዋናነት የሚያቆየው ይሄኛው መንገድ ነው።

የነቁ ቲ ሴሎች ደግሞ ቢ ሴሎች የሚባሉትን ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሶች ያነሳሳሉ። ቢ ሴሎቹ በለጋሹ መለያ ላይ ያነጣጠረ አንቲቦዲ፣ ማለትም ባዕድ ነገር ላይ የሚጣበቅ መከላከያ ፕሮቲን ይሠራሉ። ታክሮሊመስ የሚባለው የጋሼ ዋና መድኃኒት ቲ ሴልን በደንብ ይይዛል። አንዴ የተሠራን አንቲቦዲ ማጥፋት ግን ሌላ ጣጣ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ጉዳቱ ሲደጋገም ተሸፍነው የኖሩ ፕሮቲኖች ይጋለጣሉ። ኮላጅን 5 አንዱ ነው። ይህ ፕሮቲን የባዕድ አይደለም፤ ጋሼም ለጋሹም አላቸው። ሰውነቱ ግን እሱንም እንደ ጠላት መቁጠር ሊጀምር ይችላል።

አክስቴ ይሄን ሁሉ ሰምተው ጥሩ ጥያቄ አመጡ። «ኩላሊት የተተከለለት ሰው ስንት ዓመት ይኖር የለ? ሳንባ ምን ሆኖ ነው?» እውነታቸውን ነው፤ ኩላሊት ይሻላል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም በፈረንጆቹ 2015 የጀመረው በኩላሊት ነው። በሰዓቱ ቡና እየተቆላ ነበር። ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል። «ይሄ ጭስ ኩላሊትዎ ጋ ይደርሳል? ሳንባዎ ጋ ግን አሁኑኑ ገብቷል» አልኳቸው። ሳንባ በቀን 10,000 ሊትር ያህል አየር ያስገባል፤ ከነአቧራው፣ ከነሻጋታው፣ ከነጉንፋን ቫይረሱ። ከጨጓራ ሽቅብ የሚመለስ አሲድም አለ። እያንዳንዱ የአየር ቧንቧውን ስስ ሽፋን ይቧጭራል። የተቧጨረው ሕዋስ የድረሱልኝ መልእክት ይለቃል፤ በመድኃኒት ተኝቶ የነበረው ቲ ሴል ይነቃል። ሽፋኑ እንደገና መብቀል ሲያቅተው ጠባሳ ሠሪ ሕዋሶች ቦታውን ይይዛሉ። ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ደለል እንደሞላው የመስኖ ቦይ ይደፈናሉ። በብዛት የሚታየው ዓይነት ይሄ ነው። ሳንባውን ሙሉ የሚያደርቅ ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱ ይብሳል።

ከሳንባው ቆንጥሮ በሚወሰድ ናሙና በሽታውን ለማግኘትም ያስቸግራል። ጠባሳው እዚህም እዚያም ስለሆነ መቆንጠጫው ደህናውን ቦታ ሊያነሳ ይችላል። ለዚህ ነው ያቺ የጠዋት ቁጥር ትልቅ ቦታ የተሰጣት።

የመጀመሪያው የሰው ሳንባ ተከላ በፈረንጆቹ 1963 አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ሲደረግ ታካሚው የኖረው 18 ቀን ነው። በ1983 እዚያው ጋሼ ያለበት ቶሮንቶ የተተከለለት ሰው ከ6 ዓመት በላይ ኖረ። ቀዶ ሕክምናው ያኔ ተቻለ። ይሄኛው ችግር ግን ዛሬም ድረስ አልተፈታም።

«ታዲያ መድኃኒቱን አይጨምሩለትም?» ይላሉ። በጣም ሲጨመር መከላከያው ይደክምና ኢንፌክሽን ይገባል፤ ኢንፌክሽኑ ራሱ ሳንባውን ይጎዳል። ጋሼ አሁን አዚትሮማይሲን ተጨምሮለታል። እዚህ ፋርማሲ የምናውቀው አንቲባዮቲክ ነው፤ ለእሱ የተሰጠው ግን የቧንቧውን ብግነት ያበርዳል ተብሎ ነው። ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ አይሠራም። ካልሠራ ደሙን በማሽን አውጥተው፣ ነጭ ሕዋሶቹን በመድኃኒትና በልዩ ብርሃን አክመው መልሰው የሚሰጡበት ሕክምና አለ። የሚያስቡለት እሱን ነው። ለጊዜው ቁጥሩ 2.4 ላይ ቆሟል።

ለጥምቀት መምጣት ይፈልጋል፤ ሐኪሞቹ ከፈቀዱለት። ከመጣ ጉንፋን የያዘው ዘመድ እስኪሻለው በስልክ ሰላም ይበለው። ክኒንህን ውጠሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀው ግን አይኑር።