«ኦኤፍቲ ይሠራ» ብዬ ከመጻፌ በፊት

የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክሊኒክ ስመደብ የጠበቀኝ ልማድ ይህ ነበር፦ ታካሚው በመጣ ቁጥር ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ኦኤፍቲ (የኩላሊትና የጉበት ሥራ የሚታይበት የደም ምርመራ)፣ የሽንት ምርመራ። ቀጠሮው በየወሩ ከሆነ በየወሩ ደም ይቀዳል። መቼ እንደሚመረመር የሚወስነው ቀጠሮው እንጂ በሽታው አልነበረም።

ልማዱን የቀየርኩት ራሴን አንድ ነገር በመጠየቅ ነው፤ ውጤቱ ከፍ ቢል ምን አደርጋለሁ? ዝቅ ቢልስ? ለሁለቱም መልሴ «መድኃኒቱ ይቀጥል» ከሆነ አላዝም።

ከዚያ ለየምርመራው የየራሱን ጊዜ ሰጠሁት። የሦስት ወር ስኳር የምንለው ቀይ የደም ሴል ላይ የተለጠፈውን ስኳር ነው የሚለካው፤ ሴሉ ደግሞ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። በወሩ ቢደገም በአብዛኛው የሚነግረን ያንኑ የቆየውን ነው። ስኳሩ ለተስተካከለ ሰው በዓመት 2 ጊዜ ይበቃል፤ ላልተስተካከለ ወይም መድኃኒት ለተቀየረለት በየ3 ወሩ። ኢናላፕሪል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት የጀመረ ሰው ግን ክሬቲኒኑ (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ልኬት) እና ፖታሲየሙ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ መታየት አለበት። የሚገርመው፣ ያን ሁሉ ደም እየቀዳን የሚያመልጠን ይኸው ነበር፤ ቀጠሮው በወሩ ነዋ!

«ብዙ ማየት ምን ይጎዳል?» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ይጎዳል። «ኖርማል» የሚባለው ክልል ከጤነኞች 95 በመቶውን ብቻ እንዲይዝ ሆኖ የተሠመረ ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ቢታዘዙለት፣ ምንም የሌለበት ሰው ቢያንስ በአንዱ ከክልሉ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ ድጋሚ ምርመራ፣ ድጋሚ ትራንስፖርት፣ ሪኤጀንት (የምርመራው ኬሚካል) ካለቀ ደግሞ የግል ላብራቶሪ።

ከሁሉም የከበደኝ ታካሚን ማሳመን ነው። አንዲት እናት እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ ደሜን ሳታየው ነው መድኃኒት የምትሰጠኝ?»

«እማማ፣ ያለፈው ውጤትዎ ገና አላረጀም። ዛሬ እግርዎን ልይ፣ ካልሲዎን ያውልቁ።»

በትንሿ ጣታቸው ሥር እሳቸው ያላወቁት ቁስል ነበር። እግራቸው ስለደነዘዘ አላመማቸውም። በወረቀት ጽሕፈት የሚያልቀው ጊዜ ወደ እግር ምርመራ ቢዞር ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

አሁን በየካርዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የምርመራውን ስም፣ መጨረሻ የተሠራበትንና ቀጥሎ የሚሠራበትን ቀን እንጽፋለን። ፊቱ አብጦ ወይም እያስመለሰው የመጣ ታካሚ ግን ቀኑ አይጠበቅለትም፤ ያኔውኑ ይመረመራል። አዲስ ለሚመጡ ኢንተርኖች ይህን ሁለተኛውን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ «ዶክተር አታብዙ ብለዋል» ብለው አስፈላጊውንም እንዳይተዉት።