በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ጎማ

ቅዝቃዜው ጠንከር ማለት ሲጀምር ስልኬ ይጮኻል። «የበረዶ ጎማ ልግዛ ወይስ ኦል ሲዝኑ ይበቃኛል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። (ኦል ሲዝን የሚሉት ዓመቱን ሙሉ ሳይወልቅ የሚነዳውን ጎማ ነው።) እኔ ጎሚስታ አይደለሁም። ግን አንድ ጊዜ በደንብ ስለደነገጥኩ ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ያገኘሁትንም መካኒክ ሁሉ ጠይቄያለሁ። (በነገራችን ላይ «የክረምት ጎማ» የማልለው ሆን ብዬ ነው። ክረምት ሲባል እኛ የሚታየን ዝናብና ጭቃ ነው። «የበረዶ ጎማ» የሚለውም ትንሽ ያሳስታል፣ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።)

ድንጋጤው እንዲህ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በረዶውን በኦል ሲዝን ነዳሁት፣ ምንም አልሆንኩም። «ፎር ዊል ይዤ የበረዶ ጎማ ምን ያደርግልኛል?» እያልኩ እጎርር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቁልቁለት ላይ ቀይ መብራት በራ። ፍሬን ረገጥኩ። መኪናው ግን አልሰማኝም። የፍሬኑ ኤቢኤስ ከእግሬ ሥር እየተንቀጠቀጠ፣ እኔ መሪውን አንቄ እንደያዝኩ፣ በእግሩ ከሚሄድ ሰው ባልበለጠ ፍጥነት ቀስ እያልኩ መስቀለኛው መሃል ገባሁ። የሚያናድደው ዝግታው ነው። ሁሉ ነገር ይታየኛል፣ ምንም ማድረግ ግን አልችልም። ደግነቱ ከግራም ከቀኝም የሚመጣ አልነበረም።

ፎር ዊል ለመነሳት እንጂ ለመቆም እንዳልሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። አራቱም ጎማ ስለሚገፋ ዳገቱን ያወጣችኋል፣ ከቆማችሁበት ያስነሳችኋል፣ ልባችሁንም ያሳብጠዋል። ፍሬን ሲያዝ ግን የትኛውም መኪና በአራቱም ጎማ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ እዚያ ላይ ፎር ዊሉ የሚጨምረው ነገር የለም። ኤቢኤስም ቢሆን ጎማው እንዳይቆለፍ ያደርጋል እንጂ ጎማው ያጣውን መያዣ አይፈጥርለትም። መኪናው መሬት የሚነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱም ከመዳፍ እምብዛም አይበልጥም።

ልዩነቱ ከጥርሱ በፊት ላስቲኩ ላይ ነው። ላስቲክ ሲበርደው ይደርቃል፣ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ አስፋልቱን አይነክስም። «ከዚህ በታች ከወረደ ጎማ ቀይሩ» እያለ ሰው ሁሉ የሚጠቅሳት 7 ዲግሪ ሴልሺየስ የመጣችው ከዚህ ነው። ግን ቁጥሯ በዋናነት ለሙቀት ወራት የተሠራውን ጎማ ነው የምትመለከተው። ኦል ሲዝን 6 ዲግሪ ሲሆን በአንዴ እንጨት አይሆንም፣ ቅዝቃዜው በባሰ ቁጥር ቀስ በቀስ ይደነድናል እንጂ። የበረዶ ጎማው ከዜሮ በታች ወርዶም ለስለስ እንዳለ ይቆያል። «ስሙ ያሳስታል» ያልኩት ለዚህ ነው፤ ጎማው የተሠራው ለበረዶው ብቻ ሳይሆን ለብርዱም ጭምር ነው።

ጥርሱን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት በምላጭ የተተለተለ ይመስላል። እነዚያ ቀጫጭን ስንጥቆች ጎማው ሲጫናቸው እየተከፈቱ በጠርዛቸው በረዶውን ይቧጥጣሉ። ሰፋፊዎቹ ቦዮች ደግሞ በረዶ ይጠቀጥቃሉ፣ ሆን ተብሎ። በረዶ የሚይዘው በረዶን ነውና። ልጆች ጠቅልለው የሚወራወሩት ኳስ የማይፈርሰው ለምን ይመስላችኋል?

እዚህ ጋ ቋንቋችን ትንሽ ያስቸግረኛል። እንደ ጥጥ የሚወርደውንም፣ መንገዱ ላይ መስታወት የሆነውንም በረዶ ነው የምንለው፣ ለጎማ ግን ሁለቱ የተለያዩ ጠላቶች ናቸው። ጥጡ ላይ ጥሩ ጎማ ይነክሳል። መስታወቱ ላይ የበረዶ ጎማ ከኦል ሲዝን ቢሻልም ተአምር አይሠራም። ከሁሉ የሚያንሸራትተው ደግሞ በጣም የቀዘቀዘው ሳይሆን ወደ ዜሮ የተጠጋው ነው፣ ምክንያቱም ላዩ ላይ ስስ ውሃ አለው። «ዛሬ ሞቅ ብሏል» ብሎ የሚፈጥን ሰው ስለዚህ ያስፈራኛል።

ጎማው ጎን ላይ ያለውን ምልክትም እዩ። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጭቃና በረዶ ለማለት ነው። ይህን አምራቹ በጥርሱ ቅርፅ ብቻ ሊጽፈው ይችላል፣ በረዶ ላይ መፈተን የለበትም። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ግን በፈተና የሚገኝ ነው። ፈተናው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ስለሆነ ስለ መስታወቱ ብዙ አይነግረንም። አሁን ይህ ምልክት ያላቸው፣ ዓመቱን ሙሉ የማይወልቁ ጎማዎች አሉ፤ ኦል ዌዘር ይሏቸዋል። ስሙ ከኦል ሲዝን ጋር ያምታታል፣ ዕቃው ግን ሌላ ነው።

የበረዶ ጎማ የቆየ ነገር ነው። የመጀመሪያው በፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1934 ለጭነት መኪና ነው የወጣው። የጎማ አምራቹ የጉድይር ኦል ሲዝን የመጣው ደግሞ በ1977፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ ማስቀየር የሰለቸውን ሰው ለመገላገል። እኔም ሰልችቶኛል፣ አልፈርድም።

ታዲያ እኛ ቤት ምን ሆነ? ባለቤቴ ሌሊት 11 ሰዓት ነው የምትወጣው። በረዶ ጠራጊው አልመጣም፣ ጨው አልተበተነም፣ ከእሷ በፊት ያለፈ የጎማ ዱካም የለም። የእሷ መኪና የበረዶ ጎማ ያደርጋል፣ በዚህ ክርክር የለም። እኔ የምወጣው 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ያኔ መንገዱ ጥቁር አስፋልት ሆኗል። መንገዱ ካስፈራኝም ቤቴ ቁጭ ብዬ መሥራት እችላለሁ። የእኔ መኪና ኦል ዌዘር ነው። ጎረቤታችን «አንተ ለራስህ ሰስተህ ነው» ይለኛል፣ ይበል።

ለሚገዛ ሰው ጥቂት ነገር። አራቱንም ግዙ። ፊት ለፊት ብቻ ሁለት አዲስ አድርጎ መንዳት ኩርባ ላይ የኋላውን ጠርጎ ያዞረዋል። ከቻላችሁ ለብቻው ቸርኬ ይኑረው፤ በየጊዜው ማውለቅና መግጠም ጎማውን ይጎዳዋል፣ ለብቻው ቸርኬ ካለው ግን ክሪክ ያለው ሰው ሁሉ ራሱ መቀየር ይችላል። ጎማ አብዛኛው አገር 1.6 ሚሊሜትር እስኪቀር ሕጋዊ ነው፣ በረዶ ላይ ግን ከ4 ሚሊሜትር በታች ከወረደ አትመኑት። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ፦ 3523 ማለት እ.ኤ.አ. በ2023 በ35ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ነፋሱንም ለኩ፣ ሙቀቱ በ5 ወይም 6 ዲግሪ በወረደ ቁጥር አንድ ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይቀንሳል። ሙቀት ሲመጣ ደግሞ የበረዶውን አውልቁት። ለስላሳ ስለሆነ ትኩስ አስፋልት ቶሎ ይበላዋል፣ ፍሬን ሲያዝም ይንሳፈፋል።

ዘንድሮ የደወለውን ጓደኛዬን ስለ መኪናው ምንም አልጠየቅኩትም። «ስንት ሰዓት ነው ከቤት የምትወጣው?» አልኩት። «10 ሰዓት፣ ሌሊት» አለኝ። ትንሽ ዝም ተባባልን። «እሺ፣ ገባኝ» ብሎ ዘጋው።