የቤታችንን የገመድ አልባ ረብሻ ምንጭ አንድ በአንድ እንዴት እንደለየሁ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የምንኖርበት ቤት በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ስለሆነ ሞገድ እንደ ልብ አያሳልፍም። ዋይፋዩ ሲንቀራፈፍ፣ ገመድ አልባው ማውስ ስክሪኑ ላይ ሲዘልና የብሉቱዝ ስፒከሩ ድምፅ ሲቆራረጥ አንዱ ኔትወርኩን፣ ሌላው ራውተሩን፣ እናቴ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ወቀሰች። ለእኔ ግን ዋናው ፍንጭ ሦስቱም በአንድ ሰሞን መበላሸታቸው ነበር፤ ሦስቱም የሚጋሩት ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ የሚደርሰውን ጠባብ የ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ክልል ነውና።

በቅድሚያ የኢንተርኔት መስመሩን ከቤቱ አየር መለየት ነበረብኝ። ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ የራውተሩን አድራሻ፣ ማለትም 192.168.1.1ን፣ ፒንግ ሳደርግ (አጭር መልእክት ልኬ ምላሹን ስጠብቅ) መልሱ ሳይዛነፍ ወዲያው ይመለሳል፤ ገመዱን ነቅዬ በዋይፋይ ስሞክር ግን አንዳንዱ ይዘገያል፣ አንዳንዱም ጭራሽ ይቀራል። ይህ ሙከራ ከራውተሩ አልፎ ስለማይሄድ መስመሩ ከጥርጣሬ ወጣ።

ስለ ምጣዱ የእናቴ ትዝብት ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ምጣድ ብዙ ኃይል የሚስብ የማሞቂያ ሽቦ እንጂ የሬዲዮ ሞገድ የሚያሠራጭ ዕቃ አይደለም፤ ሆኖም ሲሰካ የቤቱ ቮልቴጅ ስለሚወርድ ራውተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ የራውተሩ መብራቶች በሙሉ ጠፍተው ተራ በተራ ከበሩ ችግሩ የኃይል ነው፣ መብራቶቹ ሳይጠፉ ግንኙነቱ ከተቆራረጠ ግን ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል። ራውተሩን ለቴሌቪዥኑ በተገዛው ስታቢላይዘር ላይ ስሰካው ይህኛው ተፈታ።

ከዚያ ከራውተሩና ከላፕቶፑ በስተቀር ሁሉንም ዕቃ ነቅዬ፣ ፒንጉ ሳይቋረጥ፣ አንድ በአንድ መልሼ መሰካት ጀመርኩ። ማይክሮዌቩ ሲሠራ መዘግየቱ ወዲያው ታየ፤ የሚያሞቀው በ2.45 ጊጋኸርዝ ሞገድ ስለሆነና ጥቂቱ ስለሚያመልጥ ራውተሩን ከአጠገቡ አራቅሁት። ያልጠበቅሁት ግን የውጭ ሃርድ ዲስኩን ነበር። ዲስኩ ራሱ ምንም ገመድ አልባ ነገር የለውም፤ ነገር ግን በሰከንድ 5 ጊጋቢት የሚያስተላልፈው ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ ከገመዱና ከመሰኪያው የሚወጣው የሬዲዮ ጫጫታ የ2.4 ጊጋኸርዝን ክልል ይሸፍናል። ኢንቴል በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቴክኒካዊ ጽሑፍ ይህንኑ አስረድቷል። የማውሱ መቀበያ የተሰካው ከዲስኩ ጎን ስለነበር፣ ሠርግ ቤት ስፒከር ሥር ቆሞ ሹክሹክታ ለመስማት እንደሚጥር ሰው ሆኖ ነበር። መቀበያውን በዩኤስቢ ማራዘሚያ ከላፕቶፑ ሳርቀው ማውሱ ተስተካከለ፤ ለዋይፋዩ ግን የዲስኩን ገመድ ሞገድ እንዳያመልጥ በደንብ በተሸፈነ ገመድ መቀየር አስፈለገ። ዲስኩን በዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ መሰካትም ጫጫታውን ያስቀራል፤ ነገር ግን መገልበጡ እጅግ ስለሚዘገይ ለትልልቅ ፋይሎች አልመክረውም።

የቀረው የጎረቤት ዋይፋይ ነበር። በስልኬ የዋይፋይ መመርመሪያ አፕ ስመለከት አብዛኞቹ፣ ቻናል ከሚባሉት የክልሉ ክፍሎች፣ 1 እና 6 ላይ ተከምረዋል። ቻናሎቹ የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን አንድ ዋይፋይ ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ስለሚይዝ፣ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መቀመጥ የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ባዶ የሚመስለውን 3 ወይም 4 መምረጥ ብልጠት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ከሁለቱም ወገን መረበሽ ነው። ስለዚህ 11ን መርጬ ስፋቱን ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ ዝቅ አደረግሁ።

ብዙ ሰው ሁሉንም ነገር ወደ ሌላው የዋይፋይ ክልል፣ ወደ 5 ጊጋኸርዝ፣ እንድናዛውር ይመክራል። ምክሩ ራውተሩ ላለበት ሳሎን ልክ ነው፤ ከድንጋዩ ግድግዳ ማዶ ላለው መኝታ ቤት ግን አልሠራም፣ ከፍ ያለው ፍሪኩዌንሲ በግድግዳ ይበልጥ ይዳከማልና። ላፕቶፑና ቴሌቪዥኑ ወደ 5 ሲዛወሩ የመኝታ ቤቱ ስልኮች 2.4 ላይ ቀሩ። ብሉቱዝ ከ1.2 ስሪት ጀምሮ የተያዙ ቻናሎችን እየሸሸ መሥራት ስለሚችል፣ የላፕቶፑ ዋይፋይ ከክልሉ ሲለቅለት ስፒከሩ ሌላ ነገር ሳልነካበት ድምፁን ሳያቆራርጥ ማሰማት ጀመረ።