በሽንት ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩት ወረቀት

ባለፈው ጥምቀት ከመራዊ ማዶ ሰባት ዘመዶች መጡብን። መጡልን ማለት ነበረብኝ፤ ነገር ግን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለው ቤታችን አንድ ሽንት ቤት ብቻ ስላለው፣ ዋዜማውን አልጋ ከማንጠፍ ይልቅ ሒሳብ ስሠራ አመሸሁ። ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ዘጠኝ ነን። እያንዳንዱ ሰው በቀን አምስት ጊዜ ቢገባ፣ አሮጌው የሽንት ቤቱ የውሃ ማጠራቀሚያ በአንድ ጊዜ 9 ሊትር ስለሚለቅ፣ ለዚሁ ብቻ 405 ሊትር ይሄዳል። ሮቶው የሚይዘው 1,000 ሊትር ነው፤ ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ ቤቱ ለጣና ቅርብ ስለሆነ ክረምት ላይ ጉድጓዱ ሳይታሰብ ይሞላል፤ የመምጠጫ መኪና ስለምን የከረምኩበትን ሐምሌ አልረሳሁም።

ስለዚህ ወረቀት ጻፍኩ። በኮምፒውተር፣ በትልልቅ ፊደል፣ «የቤቱ ደንብ» ብዬ፦ ውሃ ይቆጠብ፤ ሶፍት ወደ መቀመጫው መጣል ክልክል ነው፤ ከ5 ደቂቃ በላይ መቆየት አይፈቀድም። ባለቤቴ አይቶ «ማኅተም ብቻ ቀረው» አለ። እንደ ሙገሳ ቆጠርኩት።

አክስቴ እቴቴ ፊደል አልቆጠሩም። የገሃድ ዕለት በሩ ላይ ቆመው የልጅ ልጃቸውን «ምን ይላል?» አሉት፤ ልጁም ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበላቸው። ምንም አልተናገሩም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ለካ ከዚያ በኋላ የተጠቀሙት በጎረቤታችን ጉድጓድ ሽንት ቤት ኖሯል። የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት፣ ያውም ቡና ላይ፣ ሰው እየሰማ።

እኛ አገር እንግዳ «ሽንት ቤቱ የት ነው?» አይልም። «እጄን ልታጠብ» ይላል፤ አንዳንዱ «ደጅ ልውጣ»፣ ደፈር ያለው «ወገቤን ልሞክር» ይላል። ሰው ሸፋፍኖ የሚጠራውን ነገር እኔ በትልልቅ ፊደል በር ላይ ሰቀልኩት።

ደንቡ ለቧንቧውም አልበጀው። የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ሥጋው ተበልቶ ጠላው ተጠጥቶ ወረፋው በበዛበት ሰዓት፣ ውሃው ወደ ላይ ተመለሰ። የቧንቧ ሠራተኛው በሽቦ ጎትቶ ያወጣው የተድቦለቦለ ሶፍትና ውሃ የማያፈርሰውን እርጥቡን ሶፍት ነበር። ተናድጄ «ተጽፎ የለም እንዴ!» አልኩ። ሰውዬው ዙሪያውን ቃኘና «ታዲያ የት ይጣሉት?» አለኝ። ቅርጫት አላስቀመጥኩም ነበር። ሳስታውሰው አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ለፋሲካ ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩ። ክዳን ያለው ቅርጫት ጥቁር ፌስታል አልብሼ፣ እጅ በሚደርስበት አስቀመጥኩ፤ ሴት እንግዳም ማንንም ሳትጠይቅ ትገለገልበታለች። አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ፣ ተንሳፋፊውን እንዳይነካ አድርጌ ማጠራቀሚያው ውስጥ አቆምኩ፤ በተለቀቀ ቁጥር ያን ያህል ውሃ ይተርፋል፣ ማንም አያውቅም። መቀርቀሪያውንም አስጠገንኩ። በአንድ እግሩ በሩን ደግፎ የሚቀመጥ እንግዳ እንዴት እንደሚሳቀቅ፣ ደንብ ሳወጣ አልታየኝም ነበር።

መነገር ያለበትን ደግሞ እንግዳ እንደገባ፣ እጅ እያስታጠብኩ እናገራለሁ፦ «መታጠቢያው ወዲህ ነው፤ ቧንቧችን አርጅቶ ያስቸግረናል፣ ሶፍቱን ቅርጫቱ ውስጥ ነው የምንጥለው።» ጥፋቱን ቧንቧው ይሸከም። ለወንዶቹ ባለቤቴ ይነግራል። አንዴ ከተነገረ አይደገምም። በደቂቃው ጉዳይ ግን አቋሜን አልለወጥኩም፤ ስልክ ይዞ የሚገባ ወጣት ዘመድ ካለ አንኳኳለሁ።

እቴቴ ለፋሲካ መጡ። በሩ ላይ የቀረውን የፕላስተር ምልክት በጣታቸው እየነካኩ፣

«ልጄ፣ ያ ክስ ተነሣ?» አሉኝ።

«ተነሥቷል፣ እቴቴ።»

«እንግዲያ ደጅ ልውጣ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።