በረንዳ ላይ የተጮኸ ፓስወርድ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ቢሮዬ ካዛንቺስ። የታክሲ ሰልፍ ላስመረረው ሰው ከቤት መሥራትን የመሰለ ነገር የለም። የቤቱ ላፕቶፕ ዊንዶውስ፣ የቢሮው ኮምፒውተር ኡቡንቱ ቢሆንም ኮምፒውተርን ከሩቅ በሚያዝዘው በኤስኤስኤች ያለ ጭቅጭቅ ይግባባሉ።

የዚያን ምሽት ግን ጥንቃቄ አማረኝ። የቢሮውን ሎግ፣ የገቢ ወጪውን መዝገብ፣ ሳየው የማላውቃቸው ሰዎች ‹ሩት ነኝ፣ የኮምፒውተሩ አለቃ› እያሉ በሩን ሲያንኳኩ ያድራሉ። ስክሪኑን የማይበት ቪኤንሲም ፖርት 5900 በሚባለው የኮምፒውተሩ በር ላይ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ‹ቆይ፣ አሳያችኋለሁ› ብዬ የኮምፒውተሩን አጥር፣ ፋየርዎሉን፣ አብራ አልኩት። ኮምፒውተሩ ጨዋ ነው፤ ‹የኤስኤስኤች ግንኙነት ሊቋረጥ ይችላል፣ ልቀጥል?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹ዋይ›ን ተጫንኩ፣ እሺ ማለቴ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ አንብቦ የሚመልስ ማን አለ? ምንም አልተቋረጠም። ኮራሁ።

ከዚያ መብራት ሄደ።

ሲመጣ እንደገና ልግባ ብል፣ ጭጭ። ለካ ፋየርዎሉ የማረልኝ የተጀመረውን ግንኙነት ብቻ ነው። ለአዲስ ገቢ የኤስኤስኤችን በር፣ ፖርት 22ን፣ ፍቀድ አላልኩትም። ሌባውንም እኔንም እኩል ውጭ አሳደረን። ሪፖርቱ ጠዋት 2 ሰዓት ይፈለጋል፣ ሰዓቱ ከምሽቱ 4 ሆኗል።

የቀሩኝ ዘበኛችን ናቸው። ቤት ውስጥ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ በረንዳ ወጥቼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ቢሮ ገብተው ኮምፒውተሬ ላይ አንድ ነገር ቢጽፉልኝ።»

«አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ? ዘንድሮ ድምፅ የሚያስመስል ሌባ ሞልቷል። ባለፈው ማክሰኞ ስንት ተበደርከኝ?»

«መቶ ሃምሳ።»

«ከፈልክ?»

«አልከፈልኩም።»

«በቃ አንተው ነህ።»

ገቡ። ስክሪኑን ሳልቆልፍ ነበር የወጣሁት፤ ጥንቃቄዬ እዚያ አልደረሰም። ጥቁሯን መስኮት ከፍተው ትእዛዟን ፊደል በፊደል እስኪጽፉ ሃያ ደቂቃ ሄደ። ከዚያ የአለቃ ሥልጣን የሚያውሰው ሱዶ ፓስወርድ ጠየቀ።

«ዲ ይጫኑ ጋሼ!»

«የቷ ናት?»

«ሆዷ የተነፋው!»

«ተጫንኩ፣ ግን ምንም አይጽፍም።»

«ይጽፋል፣ አይታይም እንጂ። ሚስጥር ስለሆነ ነው።»

«ከእኔም?»

ኤስኤስኤችን በፈረንጆቹ 1995 አንድ ፊንላንዳዊ የሠራው የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ ሲሰረቅ አይቶ ነው። መንገድ ላይ ማንም እንዳይሰማ ብሎ። እኔ ግን አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሜ «ዱለት ነው ጋሼ! ዱ-ለ-ት! በእንግሊዝኛ ፊደል! መጨረሻው ላይ 77!» እያልኩ ብሎኩን አናጋለሁ። ሱዶ ሦስት ጊዜ ነው የሚታገሠው። ሦስተኛው ላይ ገባ፣ 22 ተከፈተ፣ ሪፖርቱም ወጣ።

ጠዋት ደረጃው ላይ የሦስተኛ ፎቋን እናት አገኘኋቸው።

«እንዴት አደርክ ልጄ? ሌሊቱን ሙሉ ዱለት ስትል፤ ምነው፣ ነፍሰ ጡር አለች እንዴ?»